ከአራስ ቤት የተመለሰው ቅቤ

አራስ ቤት ይዤ የገባሁትን ቅቤ መልሼ ተሸክሜ የወጣሁ ሴት ነኝ። ይህ በእኛ አገር ነውር መሆኑን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ከእናንተ በፊት አማቴ ነግራኛለች፤ የማላውቃቸው ሴቶችም በፌስቡክ ጽፈው ነግረውኛል። አንዷማ «ያ ቅቤ የወረደበት ጉሮሮ ይዘጋ» ብላ ረግማኛለች። ቅቤውን እኔ አልበላሁትም። ማን እንደበላው እስክነግራችሁ ድረስ እርግማናችሁን ያዙልኝ።

የምኖረው ወልቂጤ ነው። ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር የተማሪ ዩኒፎርም የምንሰፋበት ትንሽ ቤት አለን። ልጄን ኤልዳናን የወለድኳት እናቴ ከሞተች በኋላ ስለሆነ ስለ ልጅ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። አልነበረኝም ማለቴ እንኳ ውሸት ነው፤ ጎረቤቶቼ ሞልተው ነበር። እነሱን ናቅኋቸው። «ልጅቷ ስታለቅስ ሆዷን ቅቤ ቀቢያት» ከሚሉኝ ሴቶች ይልቅ ስልኬ ውስጥ ያሉት የበለጡ መሰሉኝ።

ስልኬ ውስጥ ያሉት የምላችሁ የፌስቡክ የእናቶች ቡድን ነው። «እንደ አቅማችን እናሳድግ» ይባል ነበር። ከወልቂጤም፣ ከቡታጅራም፣ ከአዲስ አበባም እናቶች ነበሩበት። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ የቤት ፎቶ አይለጠፍም፣ የልደት ኬክ አይታይም፣ ልጄ እዚህ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው ተብሎ አይጻፍም። ከላይ «እዚህ ሁላችንም እኩል ነን» የሚል ተጽፎበታል። በስማችንም አንጠራራም፤ እኔ የኤልዳና እናት ነበርኩ። ቡድኑን የምትመራው ደግሞ የናሆም እናት የምትባል የቡታጅራ ሴት ናት።

የናሆም እናት ስትጽፍ ታስለቅሳለች። «ዛሬ አንድ እንቁላል ለሦስት ተካፍለን በላን፤ ፍቅር ካለ ይበቃል» ትላለች። «የናሆምን አሮጌ ጫማ ሰፍቼ ለታናሹ አደረግኩለት» ትላለች። ከሥር የሚዘንበው «ጀግና እናት» የሚል አስተያየት ተነቦ አያልቅም። እኔም ከሚያዘንቡት አንዷ ነበርኩ። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ኤልዳና ሁለተኛ እንቁላል ስትጠይቀኝ «ናሆም አንዱን ለሦስት ነው የሚበላው፤ አታፍሪም?» እያልኩ እከለክላት ነበር። ልጄ ያላየችውን ናሆምን ጠላችው፤ እውነቷን ነበር።

አንድ ቀን የናሆምን እናት ጽሑፍ ለታደሰ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የስፌት መኪናውን አቁሞ ሰማኝና «ይቺ ሴትዮ ነጋዴ ናት እንዴ?» አለኝ።

«ምኗ ነው ነጋዴ የመሰለህ?»

«‹የለም፣ የለም› ማለት ታበዛለች።»

ደሃ ላይ አትቀልድ ብዬ ተቆጣሁት። መቆጣት የነበረብኝ ራሴን ነው፤ ምክንያቱም የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ እምድብር ሱቅ ነበረው። «ገበያ እንዴት ነው?» ሲሉት «የለም፣ ቀዝቅዟል» እንዳለ ነው የሞተው። በተለይ ይህን በምነግራችሁ ክረምት ለግብር የቀን ገቢ ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ ነጋዴውን ሲያምሱ፣ ከተማው ውስጥ አለኝ የሚል ሰው ጠፍቶ ነበር። ዕቃውን ወደ ጓዳ ያስገባው፣ መኪናውን የወንድሜ ነው ያለው ስንቱ ነው። ነጋዴ የለኝም ሲል ሰምቶ የሚያዝን ጉራጌ አላውቅም። ያንኑ ቃል አንዲት እናት ስልኬ ላይ ስትጽፈው ግን ወንጌል አደረግሁት።

መስከረም ሊጠባ ሲል የናሆም እናት ወለደች። «ሴት ልጅ ተሰጠኝ። ለገንፎዬ የሚሆን ቅቤ እንኳ ቤቴ የለም፤ ግን እግዚአብሔር አለ» ብላ ጻፈች። አነበብኩና አለቀስኩ።

በሰፈራችን የሴቶች የቅቤ ዕቁብ አለን። በገበያ ቀን እያንዳንዳችን ቅቤ እናዋጣለን፤ የተዋጣውን ባለተራዋ ሙሉውን ትወስዳለች። ያን ሰሞን ተራው የእትዬ አስካለ ነበር። እትዬ አስካለ ቆጮ ነጋዴ ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። አንዲት ልጇ መሠረት የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። የመሠረት ባል ዘመዶች ከአረቅጥ ለጥየቃ ሲመጡ የእናትየዋ ማሰሮ ባዶ ሆኖ ከተገኘ መሠረት ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ትኖራለች። እትዬ አስካለ ዓመቱን ሙሉ ከጉሮሮዋ እየነጠቀች ያዋጣችው ለዚያች ቀን ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ስልኬን ይዤ የተነሳሁት። ጽሑፉን አነበብኩላቸው። ቅቤው ለዚህች አራስ ይሰጥ፣ የእኔ ተራ ከመስቀል በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ ለእትዬ አስካለ እመልሳለሁ አልኩ።

«አይተሻታል?» አለችኝ እትዬ አስካለ።

«በየቀኑ እንጻጻፋለን።»

«አይተሻታል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«እትዬ፣ ለእናንተ ጎረቤት ያልሆነ ሰው ሰው አይደለም» አልኳት። በሰው ፊት!

ሌሎቹ ሴቶች ዓይን ዓይኗን ያያሉ። በመጨረሻ በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ በሁለት እጇ አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «የእኔዋ ገና ናት፤ ያቺ ወልዳለች። አራስ ደረቅ ገንፎ አትብላ» አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ ቅቤዬን ታቅፌ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መምጣቴን አልነገርኳትም፤ አራስ የሚጠይቅ ሰው መጣሁ ብሎ አይደውልም። ሂሩት እንደምትባልና ባሏ ከገበያው በታች ቆርቆሮ «እየቸረቸረ» እንደሚያድር በውስጥ መስመር ነግራኝ ስለነበር ጠይቄ አገኛታለሁ ብያለሁ። ተራራውን ስንወጣም ስንወርድም ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስታየኝ ምን ያህል እንደምታለቅስ።

ቡታጅራ ስደርስ አንድ ባጃጅ ያዝኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ወዴት ነው እህቴ?» አለኝ ልጁ።

«የሂሩትን ቤት ታውቀዋለህ? ባሏ ቆርቆሮ የሚቸረችረው። ሰሞኑን ወልዳለች።»

«የሚቸረችረው?» ብሎ ዞሮ አየኝ። «ፎቁን ነዋ! ጠዋት ስንቱን እንግዳ እዚያ ሳራግፍ ነበር።»

«አይደለም፣ የእኔዋ ችግረኛ ናት።»

«እንግዲህ ቆርቆሮ ያላት፣ ሰሞኑን የወለደች ሌላ ሂሩት እኔ አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።»

ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በር ላይ አወረደኝ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ በር ላይ መኪና ተደርድሯል። ለቤቱ ባለቤቶች የምትሠራ ሌላ ሂሩት ትኖር ይሆናል ብዬ ራሴን እያጽናናሁ በሩን አንኳኳሁ። ዘበኛው ፊቴን አላየም፤ ኮባውን ነው ያየው።

«ቅቤ ነው? በጓሮ በኩል ግቢ።»

ገባሁ። ጓሮው ውስጥ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፤ በጉ ተገፎ ተሰቅሏል፤ ከግድግዳው ሥር እንቁላል በየትሪው ተደራርቦ ቆሟል። አንድ ጉንጩ የሞላ ልጅ የተቀቀለ እንቁላል ይዞ ቆሞ ነጩን ይበላና አስኳሉን ለውሻ ይወረውራል።

«ናሆም! ምግብ አትጣል ተብለሃል!» አለችው አንዷ ሠራተኛ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ውሻው አስኳሉን አሽትቶ ተወው፤ እሱም ጠግቦ ነበር።

አንዲት ሽማግሌ ሴት፣ በኋላ እንዳወቅሁት የሂሩት አማት፣ ቅቤውን ከእጄ ተቀብለው ኮባውን ፈቱ። ሌባ ጣታቸውን እስከ አንጓው ድረስ ከተቱበት፤ አወጡና አሸተቱት፤ በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት።

«ኪሎውን ስንት ትያለሽ?»

«የሚሸጥ አይደለም እማማ፤ ለአራሷ ነው ያመጣሁት።»

«ሁላችሁም መጀመሪያ እንዲህ ነው የምትሉት፤ ዋጋ ለማስወደድ። ደግሞ ይሄ ባዕድ ነገር አለበት። ሙዝ ነው የደባለቃችሁበት? የትናንትናዋ ያመጣችው ይሻል ነበር።»

እትዬ አስካለ ከጉሮሮዋ ነጥቃ ያጠራቀመችውን ነው እንዲህ የሚሉት። ደሜ ፈላ። «እማማ፣ ይህን ቅቤ ያዋጡ ሴቶች ሙዝ የሚቀላቅሉ አይደሉም!» ብዬ ጮህኩ። ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ቀና አሉ። በረንዳው ላይ ካሉት እንግዶች መካከል አንዲት ነጠላ የተከናነበች፣ ፀጉሯ በቅቤ የረሰረሰ ሴት ብቅ አለች።

«ምንድን ነው ጩኸቱ? አንቺ ሴትዮ፣ ካልሸጥሽ ይዘሽው ሂጂ እንጂ!»

«የኤልዳና እናት ነኝ» አልኳት።

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ደስታ አልነበረም፤ እፍረትም አልነበረም፤ ሌባ ያየ ሰው ፊት ነበር። ፈጥና ወረደችና ክንዴን ይዛ ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደችኝ። የአራስ ወገቧ እንኳ አልያዛትም።

«ቀስ በይ፣ ሰው አለ። ሳትነግሪኝ እንዴት ትመጫለሽ?»

«እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ቅቤ የለኝም ስላልሽ ቅቤ ይዤልሽ መጣሁ።»

«የለኝም ያልኩ ዕለት የለም ነበር። የተላከችው ልጅ ከገበያ አልተመለሰችም ነበር።»

«አንድ እንቁላል ለሦስትስ?»

«ልጆቼን ቁጠባ ማስተማር ኃጢአት ነው?»

«ልጅሽ አስኳሉን ለውሻ ሲወረውር አሁን አየሁት!»

«ስሚኝ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ደሃ ነኝ ብዬ ጽፌ አውቃለሁ? ካለ አሳዪኝ። በዚህ ክረምት አለኝ ብሎ አደባባይ ላይ የሚጽፍ እብድ ማነው? ገማቾቹ ፌስቡክ የላቸውም? ባሌ ስለ ቤታችን አንዲት ቃል ትጽፊና ብሎ አስጠንቅቆኛል።»

«እኔ ገማች ነኝ? ዝም ማለት አትችይም ነበር?»

«ዝም ካልኩ ማን ያነበኛል? እንዳለኝ ቢያውቁ ማን ጀግና ይለኛል?» አለችኝ። በዚያ ቀን ከአፏ የወጣ እውነት ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም የተናገረችው ልታሰናብተኝ ስለቸኮለች ይመስለኛል።

ቀጥላ ከጉያዋ ቦርሳ አወጣች። «ለትራንስፖርትሽ ያዢ። ቅቤውን ለሠራተኞቹ እሰጣቸዋለሁ፤ በከንቱ አይቀርም።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። ይቺ ደግሞ ቁርበት ላይ ተኝቻለሁ እያለች አልቃሽ ሰብስባ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ስታየን ከርማለች። እኔ ደግሞ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጥያለሁ። ምን እንደምመልስላት ሳስብ ስልኬ ጮኸ። ታደሰ ነው።

«መሠረት ምጥ ይዟታል» አለኝ። «ጤና ጣቢያ ወስደዋታል። የባሏ ዘመዶችም ሰምተው ከአረቅጥ ተነስተዋል። እትዬ አስካለ ቤት ቀርታ ባዶ ማሰሮ ታጥባለች።»

ማሰሮ ታጥባለች ያለኝ ነገር አንጀቴን በላው። ቦርሳዋን እንደከፈተች ጥያት ወደ ጓሮው ተመለስኩ። ቅቤው ወንበር ላይ እንደተፈታ ነው፤ መሀሉ ላይ የጣት ጉድጓድ አለበት። ኮባውን አጠፍኩና አነሳሁት።

አማትየዋ በአንዱ ጫፍ ያዙት። «ምን ልትሆኚ ነው? አራስ ቤት የገባ ቅቤ አይወጣም! ነውር ነው!»

«ይልቀቁት እማማ።»

«በአራሷና በሕፃኗ ላይ ክፉ ልታመጪባቸው ነው?» በረንዳው ላይ ያሉት እንግዶች በሙሉ ወደ እኛ ያያሉ። ሂሩት ከዕቃ ቤቱ በር ላይ «አንቺ! ልጄን ትረግሚያለሽ?» ብላ ጮኸች፤ አሁን በእውነት ታለቅሳለች።

እኔም ፈራሁ፤ አልዋሻችሁም። እናቴ ያሳደገችኝ በዚያው ወግ ነው። ለአራስ ተብሎ ደጃፍ የዘለቀ ነገር ወደ ኋላ አይመለስም፤ የመለሰው ሰው ለገዛ ልጁ ይፈራል። ኤልዳና መጣችብኝ። እጄ ሊለቀው ደርሶ ነበር። ግን የእትዬ አስካለ የታጠበ ማሰሮ በለጠብኝ።

«ልጅሽን ጌታ ያሳድግልሽ» አልኳት። «እሷ ምንም አላደረገችኝም። ቅቤው ለአራስ ነው የመጣው፤ ለአራስ ነው የሚሄደው። እርስዎም እማማ ባዕድ ነገር አለበት ብለውኛል፤ ባዕዱን ላውጣልዎት።» ሳብ አደረግሁትና በእንግዶቹ መሀል በዋናው በር ወጣሁ።

መናኸሪያ ስደርስ በተራራው በኩል የሚሄደው ሚኒባስ ወጥቶ ነበር። ሌላ መቼ ይመጣል ብል ማንም አያውቅም። በርበሬ የጫነ አይሱዙ ሊነሳ ሲል አየሁና ሮጥኩ። ሹፌሩ የመስቃን ሰው፣ ሸምገል ያሉ ሙስሊም ናቸው። ምጥ የያዛት ልጅ አለችን፣ ለእሷ ነው ስላቸው «ቢስሚላህ ግቢ» አሉኝ።

የሞተሩ ሙቀት ከሥር ይመጣል፤ ቅቤው መላላት ጀመረ። ኮባው እየወዛ ቀሚሴን አበሰበሰው። መስኮቱን ከፍቼ ቅቤውን በሁለት እጄ ወደ ውጭ አወጣሁት። ከኋላ በርበሬው ያስነጥሰኛል፤ ባስነጠስኩ ቁጥር ሹፌሩ «አጥብቀሽ ያዢው!» ይሉኛል። አንድ ዳገት ላይ መኪናው ጭቃ ያዘውና ቆምን። ወንዶቹ ድንጋይ ሲያነጥፉ እኔ መንገድ ዳር ካለው እንሰት ሥር ጥላ ፈልጌ ቅቤዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። በዚያች ሴት ምክንያት ከዚህ ወዲያ አንዲት ጠብታ አላወጣም ብዬ ነበር።

ወልቂጤ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። የእትዬ አስካለ በር ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ጋቢ አየሁ፤ የአረቅጥ ዘመዶች ቀድመውኛል። መሠረት ወንድ ልጅ ወልዳ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ መጋረጃው ውስጥ ተኝታለች። በጓሮ በኩል ገባሁ። ለሁለተኛ ጊዜ በጓሮ ስገባ መሆኔ ትዝ አለኝ፤ ይኼኛው ግን የራሴ ሰፈር ጓሮ ነው።

እትዬ አስካለ ገንፎ እያማሰለች ነበር። የበሰለ ገንፎ ነው፤ ጊዜ ለመግዛት ነው የምታማስለው። አጠገቧ የታጠበው ማሰሮ ባዶውን ተቀምጧል። ቅቤውን ሳስቀምጥላት አላመነችም፤ መጀመሪያ ቅቤውን አየች፣ ቀጥላ እኔን።

«ያቺ አራስ እንዴት ናት?» አለችኝ።

በእኔ ላይ ለማሽሟጠጥ ሳይሆን ስለዚያች ሴት አስባ ነው የጠየቀችኝ። ያኔ ነው ቡታጅራ የሰማሁት ስድብ ሁሉ የቀለለኝ።

«ደህና ናት እትዬ። ቅቤ ነበራት» አልኳት።

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ኮባውን ፈታች፤ መሀሉ ላይ ያለውን የጣት ጉድጓድ አየችና በመዳፏ ደልደል አድርጋ ደፈነችው። ከዚያ ቆርሳ ለማንጠር ማሰሮው ውስጥ ጨመረች። ሽታው ወደ ሳሎን ሲዘልቅ የአረቅጦቹ ጨዋታ ደመቀ። ቅቤውን የበላችው መሠረት ናት፤ እርግማናችሁን አሁን መጣል ትችላላችሁ።

በማግስቱ ያየሁትን ሁሉ ቡድኑ ውስጥ ጻፍኩ፤ ፎቁንም፣ አስኳሉንም፣ ውሻውንም። ሳይውል ሳያድር ተሰርዞ እኔም ተባረርኩ። ሂሩት ግን «አንዲት እህት ለአራስ ያመጣችውን ቅቤ ከእጄ ነጥቃ ሄደች። ይቅር ብያታለሁ» ብላ መጻፏን ሌላ ሰው አሳየኝ። ከሥሩ የዘነበውን እንባ ብታዩት! አንዷም «ቤትሽ ግን እንዴት ነው?» ብላ አልጠየቀቻትም። መጠየቅ ደንቡ ይከለክላል።

አሁን ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ስልካችሁን ጣሉ አልላችሁም፤ እኔም አልጣልኩትም። ሀብታም አልጠላም። ሂሩትን ግን እስከ ዛሬ አልወዳትም፤ ይቅርም አላልኳትም፤ ቤተ ክርስቲያን ስለ ይቅርታ ሲሰበክ እሷ ትዝ ስትለኝ አንገቴን እደፋለሁ። ቅቤዬን ስለናቀች አይደለም። ልጄን እንቁላል ስላስከለከለችኝ ነው። ያለው ሰው የለኝም ሲላችሁ እናንተ ያላችሁን ትንሽ ነገር ትርፍ ይመስላችኋል፤ ከልጃችሁ አፍ ታወጡታላችሁ። ሁላችንም እኩል ነን የሚላችሁን ሰው ደጃፉን ሳታዩ አትመኑት።

በተከታዩ ዓመት ገማቾች እኛም ቤት መጡ። ታደሰ እንደ አባቴ «የለም፣ ሥራ ቀዝቅዟል» አለ። አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲለኝ የሂሩት ጓሮ ዓይኔ ላይ መጣ።

«አለ» አልኩት። «ዘንድሮ ደህና ሠርተናል።»

ታደሰ ለብዙ ቀን አላናገረኝም፤ ግብሩም ከብዶን ነበር። ዛሬም ሲበሳጭ ያነሳብኛል። ኤልዳና ግን አድጋለች፤ ሁለተኛ እንቁላል ስትጠይቀኝ ካለ እሰጣታለሁ። ሲጠፋ የለም እላታለሁ። ወደ ጓዳ ሄዳ አታይም፤ ታምነኛለች።